የተዘጋው ክፍል ጫማ

እትዬ ግቡ በአንድ እጇ ሙቅ ውሃ የሞላ የመዳብ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የታጠፉ ፎጣዎች ይዛ የፎቁን ደረጃ ጥድፍ ጥድፍ እያለች ትወጣ ነበር። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። የደረጃው ጫፍ ላይ ስትደርስ ዐይኗ መተላለፊያው ወለል ላይ አረፈና ክው ብላ ቀረች። ኮርኒሱ የተደረመሰው፣ ከክረምቱ ወዲህ ሰው ያላደረበት፣ ቁልፉ በእሷ ወገብ ላይ የተንጠለጠለው ክፍል ደጃፍ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ቆሟል።

ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አፍንጫው ወደ ደረጃው ዞሯል። የወንድሟ ጫማ ነው።

ፊት ለፊት ያለው በር የሻምበሉ ነው። ሻምበሉ ነቅቷል። ምላጩን በጠፍር ላይ ሲስል ከውስጥ ይሰማታል፤ ሸርተት፣ ሸርተት። ከቆመችበት እስከ ጫማው ድረስ ያለው ወለል ደግሞ ድመት ስታልፍበት እንኳ የሚያቃስት አሮጌ ሳንቃ ነው። ማንቆርቆሪያውን ላስቀምጠው ወይስ ይዤው ልሂድ ስትል አሰበች። ሞኝ ጥያቄ ነው፤ ግን የጨነቀው ሰው የሚያስበው እንዲህ ያለውን ነው።

ቤቱ በከተማይቱ ውስጥ ዕድሜ ከጠገቡት ቤቶች አንዱ ነበር። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት፤ መስኮቶቹ በግንብ ወደታጠረው ጠባብ መንገድ ያዩ ነበር። የባሏ አያት ለመንገደኛ ማረፊያ ብለው ሠሩት፤ ልጅ ለልጅ ሲተላለፍ ኖሮ እሷ እጅ ላይ ደረሰ። በሙሽርነቷ ጊዜ በሩን ያንኳኳውን ሁሉ፣ ማንነቱን ሳታይ፣ «ግቡ! ግቡ!» ትል ስለነበር እናት አባቷ ያወጡላት ስም ተረሳና እትዬ ግቡ ተባለች። አዲሱ ገዢ ከተማይቱን ይዞ መኮንኖቹን በየቤቱ ሲያሳርፍ እንኳ ለሻምበሉ በር የከፈተችው በዚያችው ቃል ነበር። አፏ ስለለመደ ነው እንጂ ልቧስ አልነበረበትም።

የቤቱ ወግ የታወቀ ነው። እንግዳ ማታ ሲገባ ጫማውን ይቀበሉታል። ጭቃው ይጠረጋል፣ ውስጡ ጭድ ይጠቀጠቅበታል፣ ምድጃ ዳር ያድራል። ጠዋት ቀለም ተቀብቶ ከባለቤቱ ክፍል ደጃፍ ላይ ይቆማል። የሚሰነብት እንግዳ ጫማ አፍንጫው ወደ በሩ፣ በዚያን ቀን የሚሄድ እንግዳ ጫማ አፍንጫው ወደ ደረጃው ይዞራል። ለቁርስ ስንት እንቁላል እንደሚቀቀል፣ የትኛው አልጋ አንሶላው እንደሚገፈፍ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይህን ሥራ ለሰው የማይለቁት አማቷ ናቸው። ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ጫማ ግን በመዳፋቸው ዳስሰው የማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም፤ ይህንንም ላገኙት ሰው ሁሉ ሳይናገሩ አይውሉም። ጦርነት ሄዶ የቀረው ልጃቸው፣ የእትዬ ግቡ ባል፣ የጦር ጫማ ተሰጥቶት ሲሄድ ያወለቀው የዘወትር ጫማው ዛሬም ከአልጋቸው ግርጌ አለ። ዘወትር ይወለወላል። አፍንጫው ወደ ውስጥ ነው። እትዬ ግቡ አንድ ጊዜ፣ «እማማ፣ ለተቸገረ ሰው ብንሰጠውስ?» ብትል ስንት ቀን አኩርፈው እህል በእጇ አልቀምስ ብለዋት ነበር።

ወንድሟ የላይኛው የከተማ በር ጠባቂ ነበር። ገዢው ለግንብ ሥራ በግዳጅ ሰብስቦ ከዚያው በር አጠገብ በረት ውስጥ ያጎራቸውን ሰዎች ሲያለቅሱ መስማት ቢያቅተው፣ በሩን ከፍቶ ለቀቃቸው። ነገሩ በአደባባይ ታውጇል፤ በር ጠባቂው ከተያዘ ይሰቀላል፤ ያስጠጋው ሰው ቤት ይቃጠላል። ትናንት አመሻሽ ላይ በጓሮ ሲገባ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ከብርድ የተነሳ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። እህት አይደለች? አቅፋ አለቀሰች። ሻምበል ያደረበትን ቤት ማን ይፈትሻል ብላ የተደረመሰው ክፍል ውስጥ አስገባችው። ሻምበሉ ራሱ በመጣ ዕለት ያንን ክፍል ከፍቶት፣ የምርጊት ፍርካሽ ባርኔጣው ላይ ቢወድቅበት ሳቅ ብሎ ዘግቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎም አላየው።

የወንድሟን እርጥብ ጫማ ከእግሩ አወለቀች። ይዛው ወረደች። ምድጃ ዳር አስቀመጠችው። ጭድ እንኳ ጠቀጠቀችበት! በዚህ ቤት ውስጥ እርጥብ ጫማ ሌላ ቦታ አድሮ አያውቅምና እጇ የለመደውን ሠራ፤ ሐሳቧ ከወንድሟ ጋር ፎቅ ላይ ቀርቶ ነበር። ለአማቷም ትንፍሽ አላለችም። አማቷ ደግ ናቸው፣ ግን ወሬ አይቋጥሩም፤ አንድ ጎረቤት ብቅ ካለ አለቀ ብላ ፈራች።

የመከረችው እንዲህ ነበር። ዛሬ አንሶላ ወደ ወንዝ የሚወርድበት ቀን ነው። መለከት ሲነፋና ወታደሩ ወደ ሰልፍ ሲወጣ፣ ወንድሟ ራሱን በሻሽ ጠቅልሎ የእጥበቱን ጋሪ እየገፋ በታችኛው በር ይወጣል። እዚያ የቆሙት ጠባቂዎች አዲስ ናቸው፤ አያውቁትም። ከወንዙ ወዲያ ተራራው ነው። መንገዱ ስለት ድንጋይ ሆኖ፣ ከላይ ደግሞ አመዳይ ጥሎበታል።

ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳት ግን የጫማ ነገር አልነበረም። እሷን የጨነቃት የፋኖስ ብርጭቆ ነጋዴው ነበር።

ነጋዴው ትናንት ዝናብ እየደበደበው የመጣ፣ ግዙፍ፣ ነገር ፈላጊ ሰው ነው። ገና እግሩ ደፉን ሳይረግጥ አቃቂር ማውጣት ጀመረ። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሾርባው ቀጥኗል፣ ትራሱ ጠንክሯል። አማቷ ጫማውን ሊቀበሉት ቢያጎነብሱ፣ «የእኔን ጫማ ማንም አይነካውም!» ብሎ ሻምበሉ እየሰማ ጮኸባቸውና ይዞት ገባ። ክፍሉ ከተደረመሰው ክፍል ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናል። ለእግሩ መታጠቢያ ውሃ ስታቀርብለት፣

«ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሰው ያስላል» አላት።

«ሰው የለም ጌታዬ። ክፍሉ ፈርሷል። አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ ያስላል እንዴ?»

«እርጥበቱ ይዞት ይሆናላ» ብላ አረፈች። ምላሷን ብትነክሰው ደስ ባላት። ነጋዴው ትክ ብሎ አያት፤ ቀጥሎ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከር አደረገና፣ «ይሄ ቀዝቅዟል» አለ። እሷም ወርዳ እንደገና አሙቃ አመጣችለት። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነጋዴው ቁርስ ላይ ከሻምበሉ ጎን ተቀምጦ ስለሚያስለው አይጥ ሲያወራ።

አሁን ግን ጫማው እነሆ ከፊቷ ቆሟል። አንድ እርምጃ ተራመደች። ሌላ ጨመረች። ሦስተኛው ላይ ሳንቃው አቃሰተ። የምላጩ ድምፅ ቆመ።

በሩ ተከፈተና ሻምበሉ ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ብቅ አለ። ሰው ሲቆጣ እንኳ ድምፁን የማያነሳ፣ እንጀራ ፈላጊውንም ለማኙንም አንቱ የሚል ሰው ነው፤ ቤቱ ሁሉ የሚፈራውም በዚህ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እመቤት? ውሃዬ መጣ?»

«መጣ፣ ሻምበል።»

ማንቆርቆሪያውን ተቀበላት። ዐይኑ ግን በትከሻዋ ላይ አልፎ ሄደ።

«ያ ክፍል እንግዳ አለው እንዴ?»

«የለውም።»

«ጫማ ግን አለው።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሄዶ አጎነበሰና አንዱን ጫማ አነሳ። አንድ ነገር ማለት አለባት፤ ዝም ካለች ዝምታው ራሱ ምስክር ነው።

«የባለቤቴ ጫማ ነው» አለች። «አማቴ ይወለውሉታል። ሐዘኑ አልወጣላቸውም፤ እንዲሁ… አንዳንዴ እዚህ ያቆሙታል።»

ሻምበሉ ሁለት ጣቱን ጫማው ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ጫፉ ላይ አንዲት የጭድ ስንጥር ተለጥፋበታለች። ጣቶቹን አሻሻቸው።

«እርጥብ ነው» አለ በለሆሳስ። «ባለቤትዎ ትናንት በዝናብ ሲሄዱ ነበር ማለት ነው?»

ወገቧ ላይ ያለው ቁልፍ የከበዳት መሰላት። ከደረጃው በኩል የዱላ ኳኳታ ተሰማ፤ አማቷ እየወጡ ነው። ሻምበሉ ዞር ብሎ እጁን ሰጣቸው፤ ደግፎ ወደ ላይ አወጣቸው።

«እማማ፣ ይህን ጫማ እዚህ ያቆሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ሌላ ማን አለ?»

«የማን ነው?»

አሮጊቷ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ግን ገታ አሉ። ፊታቸውን ወደ ምራታቸው አዞሩ። ማየቱንስ አያዩም፤ የምራታቸውን አተነፋፈስ ግን ሰምተዋል።

«የእንግዳ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አንዳችሁ የባሌ፣ አንዳችሁ የእንግዳ» አለ ሻምበሉ ፈገግ ብሎ። «የትኛው እንግዳ፣ እማማ?»

ያን ጊዜ የነጋዴው በር ከግድግዳው ጋር እስኪጋጭ ድረስ ተበረገደ። ነጋዴው በካልሲ ብቻ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ሳይከት፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ። አለቀልኝ፣ ስለ ሳሉ ሊናገር ነው ብላ እትዬ ግቡ የደረጃውን ድጋፍ ያዘች።

«ጫማዬስ?» ብሎ አምባረቀ። «ተጓዥ ነኝ! ጋሪዬ ተጭኖ ቆሟል! ጫማዬን ከሰው ደጃፍ የምለቅመው ምን ዓይነት ቤት ብገባ ነው?»

ሻምበሉ ጫማውን እንደያዘ ቀና አለ። «የእርስዎ ነው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

«እመቤት የባለቤቴ ነው አሉኝ።»

«እሷማ!» አለ ነጋዴው እጁን እያወናጨፈ። «እሷ የምትለውን የምታውቅ ይመስልዎታል? እርጥብ አንሶላ ላይ አስተኝታኝ ሌሊቱን ሳስል አደርኩ፤ ብነግራት አይጥ ነው አለችኝ። አይጥ! እስቲ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አይጥ ሲያስል ሰምተው ያውቃሉ?»

ከዚያም፣ ወዶ ይሁን ሳይወድ፣ ደረቱ እስኪርገበገብ ድረስ አሳለ። እትዬ ግቡ ጆሮዋን አላመነችም።

«ማታ ግን ጫማዬን ማንም አይነካውም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ሻምበሉ።

«ብያለሁ! እንዳይሰርቁኝ ነበር። ኋላ እግሬ ከሚቀዘቅዝ ብዬ ራሴ ወርጄ ምድጃው ዳር አስቀመጥኩት። ዐይናቸው የፈዘዘ አሮጊት ወስደው ከማላውቀው በር ላይ ይተክሉብኛል ብዬ መች አሰብኩ?»

ሻምበሉ ወደ አሮጊቷ ዞረ። «እውነት ነው፣ እማማ? ተሳስተው ነው?»

አማቷን ታውቃቸዋለች። በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ጫማ ተሳስተዋል ያላቸው ሰው ከእሳቸው ጋር ዳግመኛ አይነጋገርም። አሮጊቷ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ተሳሳትኩ፣ ልጄ» አሉ። «እርጅና ነው። አሁንማ የቱ በር የቱ እንደሆነ አይለይልኝም።»

ሻምበሉ ጫማውን ለነጋዴው ዘረጋለት። «እንግዲያው ያጥልቁት።»

ነጋዴው የደረጃው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና እግሩን ከተተ። አልገባም። ገፋው፤ ተረከዙ ውጭ ቀረ። በግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ይኸው! ከምድጃው ጉያ አስጠግተው አኮማትረውታል! ቆዳ እንዲህ ነው የሚደርቀው?» እያለ አጉረመረመ፤ ጥርሱን ነክሶ እንደገና ገፋው። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ፤ ስፌቱ ይሁን ጣቱ እንጃ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገ። ማሰሪያውን አስሮ ተነሳና በመተላለፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመደ። ፊቱ ገርጥቷል፤ አፉ ግን አላረፈም። ትራሱን ሰደበ፣ ሾርባውን ሰደበ፣ ደረጃውን ሰደበ።

ሻምበሉ እግር እግሩን ሲያይ ቆየ። ወዲያው ከአደባባዩ በኩል መለከት ተነፋ።

«ለሚቀጥለው ጊዜ ሰፋ ያለ ይግዙ» አለ። ፊቱ ላይ የደረቀውን ሳሙና እየጠረገ ወደ ክፍሉ ሲገባ ቆም አለ። «እመቤት፣ ከሰልፍ ስመለስ ያን ክፍል አብረን እንከፍተዋለን። እኔ አይጥ አልወድም።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎራዴውን ታጥቆ ወጣ። ሁለት ወታደሮች ብቻ በራፍ ላይ ቀርተው የነጋዴውን ጭነት ይፈትሹ ነበር። እትዬ ግቡ ሻንጣውን ይዛ እስከ ጋሪው ሸኘችው። ነጋዴው እያነከሰ ወደ ጋሪው ሲወጣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ከከተማው እስክወጣ ላወልቀው አልችልም» አላት። «የእኔው ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ በወታደሮቹ ፊት አውጥቼ ልሰጥሽ አልችልም። ለዚያ ለሚያስለው ሰው ምን እንደምታደርጊለት እንጃ።»

«ጌታዬ፣ እኔ እርስዎን…» አለችና እንባዋ መጣ። «ስለ ምን ብለው ነው?»

ነጋዴው ልጓሙን እያስተካከለ ትንሽ አሰበ። «ውሃውን ሁለቴ አሞቅሽልኝ» አለ። ከዚያ ወታደሮቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «አልጋው ግን ይቆረቁራል! ለሰው ሁሉ ነው የምናገረው!» ብሎ ጋሪውን ነዳ።

ሮጣ ፎቅ ወጣች። ቁልፉን ከፍታ ስትገባ ወንድሟ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ በባዶ እግሩ ፍርስራሹ መሃል ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«የእጥበቱ ጋሪ ተጭኗል፣ ቶሎ በል» አለችው። ወዲያው ወደ እግሩ አየች። እግሩ ከትናንቱ መንገድ አብጦ ተሰነጣጥቋል።

«እንዲሁ እሄዳለሁ» አላት።

«በዚያ አመዳይ? በዚያ ድንጋይ? ወንዙን ሳትሻገር ትወድቃለህ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እቴ? ሰውዬው ተመልሶ እስኪመጣ ልጠብቅ?»

የእሷ ጫማ ለልጅ እንኳ አይበቃም። ጎረቤት ሄዶ የወንድ ጫማ መለመን ነገሩን በራስ አንደበት ማወጅ ነው። ወዲያና ወዲህ አለች፤ እጇን አፋተገች። ሰልፉ ረጅም አይደለም። ሻምበሉ ወታደሮቹን ቆጥሮ ቶሎ ይበትናቸዋል፤ ቁርሱንም ይወዳል።

የዱላው ኳኳታ እንደገና በደረጃው ላይ ተሰማ። አማቷ ከደጃፉ ደርሰው ቆሙ። በክንዳቸው ስር የያዙትን ስታይ እትዬ ግቡ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማማ፣ ሳልነግርዎት የቀረሁት…»

«ዝም በይ፤ ጊዜ የለም» አሏት። ግን እሳቸው ራሳቸው ዝም አላሉም። «ሌሊት ምድጃው ዳር ስዳስስ ጫማ አገኘሁ። ርዝመቱ ያው፣ ወርዱ ያው። ልጄ የገባ መሰለኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጫማውን ታቅፌ አለቀስኩ። ሳልጠራሽም የቀረሁ፣ እሱ ተኝቶ ከሆነ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ነው። ኋላ ተረከዙን ስዳስሰው የእሱ አይደለም። እሱ ወደ ግራ ነበር የሚያጋድለው።»

እትዬ ግቡ እያለቀሰች ነበር።

«ከዚያ ከራሴ በላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቤቱ ሞልቶባት አንድ ምስኪን የአንድ ሌሊት መንገደኛ ፍርስራሽ ውስጥ አስተኛች ብዬ ተቀየምኩሽ። ጠዋት ብድግ ሲል ደስ ይበለው ብዬ ነው ያሳመርኩለት። ብትነግሪኝ ኖሮ ከአልጋዬ ሥር ነበር የምደብቀው።»

አሮጊቷ ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው በጉልበታቸው ወረዱ። የልጃቸውን ጫማ ከተዘጋው ክፍል ደጃፍ ላይ አቆሙት። እጃቸው እንደለመደው አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጎ ነበር ያቆመው። ሁለት መዳፋቸውን ጫማው ላይ ጭነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አንዱን አዞሩት፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን። አፍንጫው ወደ ደረጃው ሆነ።

«በል ልጄ፣ አጥልቀው» አሉ። «ልክህ ነው።»

ልኩ ነበር።

ጋሪው በአንሶላ ተቆልሎ በጓሮ በር ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ታችኛው በር በሚታይበት የፎቁ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ እትዬ ግቡ እያየች፣ አማቷ እየሰሙ ሸኙት። ታችኛው በር ላይ ጠባቂው ጋሪውን አስቆመ። ጦሩን አንሶላው ውስጥ ሰካ፣ ነቀለ፣ ደግሞ ሰካ። ከዚያ የገፊውን እግር ቁልቁል አየ። በደንብ የተወለወለ ጫማ ነው፤ ለአጣቢ ከበዛ በዛ እንጂ አያንስም። የእትዬ ግቡ ጣቶች የአማቷን ክንድ ጨምቀው ያዙ።

«ምን አለ?» አሉ አሮጊቷ።

«እግሩን ያየዋል፣ እማማ።»

«ይየው። ጥሩ አድርጌ ነው የወለወልኩት።»

ጠባቂው አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ፤ በእጁም እለፍ አለ። የመንኮራኩሩ ድምፅ ድልድዩን ሲሻገር ጎላ፣ ከዚያ እየቀጠነ ሄደ። አማቷ እስኪጠፋ ድረስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ከጠፋም በኋላ አልተንቀሳቀሱም። እትዬ ግቡ ወርዳ ምድጃውን ቆሰቆሰች። አንድ እንቁላል ሰበረች።

ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ዋና በር ተንኳኳ። ያንኳኳው ሻምበሉ ነው፤ እርጋታውን ታውቀዋለች። የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ክፍሉ ይከፈታል፣ ባዶም ይሆናል፤ ይህን ሁሉ እያወቀች ምላሷ ተሳሰረ። ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ ያለቻት ቃል ከጉሮሮዋ አልወጣ አለቻት። በሩ ደግሞ ተንኳኳ።

ተከትለዋት የወረዱት አማቷ በባዶው የአልጋቸው ግርጌ በኩል አለፉ፤ ዱላቸውን እያኳኩ ወደ በሩ ሄዱና ከእሷ ይልቅ ጮክ ብለው፦

«ግቡ!» አሉ። «ግቡ!»